አጥሩ ለማን ተሠራ?



ተመርቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ ብንባል፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣነው ሳንቀር መልሳችን አንድ ሆኗል፤ ቦሌ ወይም ሲ ኤም ሲ ላይ፣ በግንብ በታጠረና ዘበኛ በቆመበት መንደር ውስጥ ቤት መግዛት። ቤት መመኘት ነውር የለበትም። ነገር ግን ስለ ግንቡ ማንም ሲናገር አልሰማንምና እኛ እንናገራለን።

እስቲ በሒሳቡ እንጀምር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዘ ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ግብር ባይቆረጥበት፣ ባይበላ፣ ባይለብስ፣ ለእናቱም ባይልክ በዓመት 138,000 ብር ያጠራቅማል። 10 ሚሊዮን ብር ለሚጠየቅበት አፓርታማ ከ72 ዓመት በላይ መቆጠብ አለበት ማለት ነው። ታዲያ ገዢው ማን ነው? በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የውጭ አገር ሰው ከ150,000 የአሜሪካ ዶላር ጀምሮ ካወጣ የቤት ባለቤት እንዲሆን ፈቅዷል። የእስቴው መምህር በዚህ ገበያ ከማን ጋር እንደሚጫረት እንግዲህ አስቡት።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስማዳ ውስጥ ይህ ቃል እንደተጻፈው ይሠራል። ባላገሩ ሄክታር የማትሞላ ማሳውን በደብተር ይይዛታል፣ ያርሳታል፣ ያወርሳታል፤ አይሸጣትም። አለመሸጧንም አንነቅፍም፤ ብትሸጥ ኖሮ በአንዱ ክፉ ዘመን አራጣ አበዳሪ እጅ ትገባ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ያው መሬት ሊዝ የሚል ስም ይወጣለትና ለመኖሪያ 99 ዓመት ድረስ በጨረታ ይሰጣል። ይህ ሽያጭ ካልሆነ ሽያጭ ማለት ምን እንደሆነ የሕግ መምህሮቻችን ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

አሁን ደግሞ ግንቡን የሠራውን ሰው እንየው። ጋይንትና ስማዳ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በተረጂነት የተመዘገቡ ወረዳዎች ናቸው። የአባቱ ማሳ ለወንድሞቹ እንኳ ያልበቃ ወጣት ወይ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል፣ ወይ ነፋስ መውጫ ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያም ሲሚንቶ ያቦካል፣ ብሎኬት ይሸከማል። ቤቱ ሲያልቅ ከመካከላቸው ዕድለኛው በዚያው በር ዘበኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ ሌሊቱን የሰው ቤት ሲጠብቅ ያድርና ጠዋት አምስት ሆነው ወደተከራዩት ክፍል ይገባል። የቀሩት ግን ትናንት በገዛ እጃቸው ባቆሙት በር ዛሬ መታወቂያ ይጠየቃሉ።

ዱሮም የጌታና የሎሌ ከተማ ነበር የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ ራስ መኰንን፣ ራስ ብሩ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚባሉት ሰፈሮች የተቆረቆሩት መኳንንቱ ከነጭፍራቸው በሰፈሩበት ነው። ያንን ዘመን አንናፍቅም። ቢሆንም ጌታውና ሎሌው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ፣ በአንድ መንገድ ይተላለፉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ የኪራይ ዋጋንም ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀንሶ ነበር። የቀበሌ ቤት ጣራው አፈሰሰ፣ አዲስም አልተሠራም፤ ይህንንም አንደብቅም። የዛሬው መንደር የሚሸጠው ግን ከቤቱ ጋር የጎረቤት ምርጫም ነው፤ ማስታወቂያው «ሰላማዊና የተመረጠ ማኅበረሰብ» ሲል ያልተመረጠው የማን ልጅ እንደሆነ እኛ እናውቃለን።

«ሠርቶ ያገኘ ቢገዛ ምን አለበት? ለድኻው ኮንዶሚኒየም አለለት» የሚለንም አይጠፋም። ለኮንዶሚኒየም በ2005 ዓ.ም. የተመዘገቡት ስንቶቹ ዛሬም ይቆጥባሉ! በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጣ ተብሎ ሕዝቡ እልል ካለ በኋላ፣ የኮምፒዩተሩ ሥርዓት ተነካክቷል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ሠርቶ ያገኘ የተባለውም ቢሆን እስከ በሩ የሚደርሰው አስፋልት፣ ውኃና መብራት ከጋራ ካዝና የወጣ ነው። ለዚያ ካዝና የነፋስ መውጫዋ ሻይ ሻጭም ትከፍላለች።

ስለዚህ ማኅበራችን ጉዳዩን በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አጀንዳ አድርጎ እንዲይዝልን እንጠይቃለን። በጋራ ገንዘብ የተሠራ መንገድ በግል ዘበኛ እንዳይዘጋ፣ በሊዝ መሬት የሚሠራ መንደርም ለሠራተኛና ለመምህር አቅም የሚሆን ቤት በዚያው ግቢ ውስጥ እንዲያካትት አቋም ይወሰድ። የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን የሊዙ ገንዘብ የት እንደሚውል በአዳራሽ ቀርበው ይንገሩን። የሚቃወመንም ካለ ይህ ገጽ ለእርሱም ክፍት ነውና ጽፎ ያምጣልን።