ጋምቤላ፦ የወደብ ከተማ ወይስ የጠረፍ ከተማ?

ስለ ጋምቤላ የሚጻፉ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች «የጥናቱ አካባቢ ገለጻ» የሚለውን ክፍል በአብዛኛው የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ760 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ እንደምትገኝ ይገልጻሉ። ልኬቱ ስሕተት የለበትም። ሆኖም የተመረጠው መነሻ ነጥብ ራሱ አንድ ድምዳሜ ይዞ ይመጣል፤ አንባቢው ሁለተኛውን ገጽ ሳይገልጥ ከተማዋ ዳር ላይ መሆኗን ይቀበላል። ከመቶ ዓመት በፊት በባሮ ዳርቻ ቡና ያስመዝን የነበረ ነጋዴ ግን ርቀቱን የሚቆጥረው ከካርቱም ነበር፤ 1,366 ኪሎ ሜትር፣ በውኃ።

የጋምቤላ ከተማ ዳር ሆና አልተመሠረተችም። ዳር ያደረጓት በኋላ የመጡ ውሳኔዎችና ክስተቶች ናቸው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ማንበብ የከተማዋን ታሪክ ብቻ ሳይሆን የዛሬ ችግሮቿንም አጥምሞ ያሳያል።

ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት የድንበር ውል ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውኃ በሚያወሳው ሦስተኛው አንቀጽ ነው። ተከታዩን አንቀጽ የሚያነበው ጥቂት ነው። በእርሱ መሠረት በባሮ ወንዝ ላይ፣ በኢታንግ አጠገብ፣ በወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ በጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያነት በኪራይ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር፤ ቦታውም ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ተግባር እንዳይውል ተደነገገ። በመጨረሻ የተመረጠው ኢታንግ ሳይሆን ከእርሱ በላይ ያለው ጋምቤላ ሆነ። ምክንያቱ የውኃው ጠባይ ነው። መርከብ ከታች መጥቶ የደጋው ተዳፋት እግር ሥር ሊደርስ የሚችለው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ባሮ ለመርከብ አይመችም።

ለኤኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ እጅግ የሚማርከው ይህ ዘመን ነው። ከጎሬና ከቡሬ፣ ከሳዮም (ከዛሬዋ ደምቢ ዶሎ) ቡናና ሰም ይወርዳል፤ ከካርቱም ጨውና አቡጀዲድ ይወጣል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ከፍተው ይኖራሉ። ጎሬ ላይ የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀምጧል። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚገልጹት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ መርከብ በክረምት ወራት በወር ሁለት ጊዜ ይመላለስ ነበር፤ ቁልቁል ሲወርድ ሰባት ቀን፣ ወንዙን ተቃውሞ ሲወጣ ዐሥራ አንድ ቀን ይፈጅበታል። በጋ ሲሆን ውኃው ይጎድላል፤ ወደቡም እስከሚቀጥለው ዝናብ ይተኛል። እንዲህ በወቅት የምትሞላና የምትጎድል ከተማ ምን ዓይነት ማኅበራዊ ሕይወት እንደነበራት፣ ሸክሙን ያወረዱትና ያወጡት እነማን እንደነበሩ፣ መርከብ በማይመጣበት ወቅት በምን እንደኖሩ በቂ ጥናት አልተደረገም። የባሕሩ ዘውዴ ሥራዎች የንግዱን መጠንና ፖለቲካ በሚገባ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1935 ያለውን የጋምቤላ ንግድ የገመገሙበት ጽሑፍ ዛሬም መነሻ ነው። መነሻ ግን መድረሻ ሆኖ ቀርቷል፤ ተከታዮቹ ጠቅሰውት ያልፋሉ እንጂ ከቆመበት አይቀጥሉም።

በዚህ ነጥብ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የባሮ መርከብ ትዝታ አንዳንዴ ጋምቤላን የጠፋች ገነት አድርጎ ያቀርባታል። «ወደቡ ዳግም ይከፈት» የሚለው ሐሳብም ብዙ ጊዜ ከዚህ ትዝታ ጋር ተያይዞ ይነሣል። የንግዱ ልክ ግን ከትዝታው ያነሰ ነው፤ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ዋና በር ጅቡቲ ነበረች፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ልዩነቱ ሰፋ። ከዚህም የሚከብድ ጉዳይ አለ። በውሉ ላይ ሁለት መንግሥታት ተፈራርመዋል፤ ወንዙን ኦፔኖ ብለው የሚጠሩት፣ በዳርቻው የሚያርሱትና የሚያጠምዱት አኙዋዎች ግን የውሉ ወገን አልነበሩም። 400 ሄክታሩ ባዶ መሬት ይመስል ተለክቶ ተከራየ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1912፣ በአኩዌ ዋ ቻም የተመራው የአኙዋ ኃይል የእንግሊዝን የዘመቻ ጦር ክፉኛ ሲመታ፣ ነገሩ በቅኝ ገዥዎቹ መዝገብ የገባው የጠመንጃ ዝውውርና የሥርዓት አልበኝነት ጉዳይ ሆኖ ነው። የወደብ ታሪክ በጉምሩክ ሹሙ ዓይን ብቻ ሲጻፍ እንዲህ ያለው ሰው ወንበዴ ሆኖ ይቀራል።

ማሽቆልቆሉ በአንድ ምክንያት አልመጣም። የጣሊያን ወረራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1941 ከተማዋን ከጣሊያን ያስለቀቀው ከቤልጂግ ኮንጎ ድረስ የመጣ ጦር ነው (ይህ ብቻውን አንድ ጥናት ይወጣዋል)። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ የኪራዩ ውል መሠረት ጠፋ፤ ጋምቤላም በዚያው ዓመት ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። የሉዓላዊነት ድል ነበር። ነገር ግን የደቡብ ሱዳን ጦርነት የወንዙን መንገድ ሲዘጋ ከተማዋ ከደጋው ጋር በሚያገናኛት የመኪና መንገድ ብቻ ቀረች። ወንዙ መንገድ መሆኑ ቀርቶ ድንበር ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጡት፣ የ1977 ዓ.ም. ሰፈራም ሆነ ከሱዳን በየጊዜው የሚጎርፉት ስደተኞች፣ በኋላም የክልል ርዕሰ ከተማነት፣ ያረፉት በዚህች ጀርባዋን ለወንዙ በሰጠች ከተማ ላይ ነው።

ጋምቤላን ዳር ብሎ መግለጽ የነዋሪውን እውነተኛ ተሞክሮ ይናገራል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ከሥልጣንና ከአገልግሎት መራቅ በወረቀት ላይ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ችግሩ ቃሉ የጥናቱ ውጤት መሆኑ ቀርቶ መነሻ ግምት ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ተመራማሪው ከተማዋ የሚሄደው ግጭትን፣ ስደተኛን ወይም የእርሻ ኢንቨስትመንትን ፍለጋ ብቻ ይሆናል። አኙዋና ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ፣ «ደገኛ» የሚባለውም ሕዝብ በአንድ ገበያ በአማርኛ ሲገበያዩ ያያል፤ ይህ ጎረቤትነት ከየት እንደመጣና ለምን በ1996 ዓ.ም. እንደሆነው ክፉኛ እንደሚሰበር ለመጠየቅ ግን የከተማዋ ታሪክ በእጁ የለም። ያለ ከተማ ታሪክ የሚጻፍ የግጭት ጥናት ብሔረሰቦችን እንጂ ጎረቤቶችን አያይም።

ጊዜውም አይጠብቅም። የሱዳን መንግሥት ሰነዶች ማከማቻ የነበረችው ካርቱም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጦርነት አውድማ ሆነች። በደራምና በለንደን የሚገኘው መዝገብ የሹማምንቱን ወገን ይናገራል፤ የተሸካሚውን፣ የዓሣ አጥማጁን፣ ጠላ ጠምቃ መርከበኛ ታስተናግድ የነበረችውን ሴት አይናገርም። ባንዲራው ሲለወጥ ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ሰማንያ ገደማ ነው። የታሪክ፣ የሥነ ሰብና የቋንቋ ትምህርት ክፍሎች በአኙዋ፣ በኑዌርና በኦሮምኛ የሚጠይቁ ተማሪዎችን አንድ ላይ አሰማርተው የእነዚህን ሰዎች ቃል መቅዳት ይችላሉ፤ ወጪው ከአንድ ዓውደ ጥናት ወጪ አይበልጥም። የመጀመሪያው ጥያቄም ቀላል ሊሆን ይችላል፦ መርከቡ ሲመጣ ማን ቀድሞ ይሰማው ነበር?