ሰባት ቁጥር ተመለሰ፤ የቀሩት አሥራ አንዱስ?

የፊታችን እሑድ ከቀትር በኋላ የተቋማችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ወደ ሐራ ወርዶ ከከተማይቱ ወጣቶች ጋር ይጋጠማል። ወሬው ከምግብ አዳራሽ እስከ መኝታ ክፍል ሞልቷል። ታዲያ ወሬው ስለ ጨዋታው ቢሆን ደግ ነበር፤ ነገር ግን ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ሰባት ቁጥር ይገባል ወይስ አይገባም?» ከተባለ ወዲያ ሌላ ጥያቄ የለም። ለመሆኑ ተጋጣሚያችን እንዴት ይጫወታል? ሜዳው ምን ዓይነት ነው? ከእኛ ወገንስ እነማን ይሰለፋሉ? ብሎ የጠየቀ ሰው እስካሁን አልሰማንም። ስለዚህ እኛ ከደጋፊዎች ወገን የሆንን ሰልጣኞች፣ በዚህች ግድግዳ ላይ በተሰጠችን ቦታ የሚሰማንን ለመጻፍ ተነሥተናል።

በመጀመሪያ ወንድማችንን «እንኳን እግዜር ማረህ» እንለዋለን። ሰባት ቁጥር ኳሷን ከራሱ ቅርጫት ሥር ተቀብሎ እያነጠረ ሲነሣ፣ ተመልካቹ ሁሉ አብሮት እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ከሁለት ወር በፊት ለኳስ ዘሎ ሲወርድ በሌላ ተጫዋች እግር ላይ አርፎ ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው። ምርኩዝ ይዞ ክፍል ሲገባ አይተነዋል። አሁን ምርኩዙን ጥሏል፤ ካለፈው ሳምንት ወዲህም ከጓደኞቹ ጋር ቀለል ያለ ልምምድ ጀምሯል። ደስ ብሎናል። ደስታችን ግን ማስተዋላችንን እንዳይወስድብን እንፈራለን።

አስተያየታችን አጭር ነው። ሰባት ቁጥር ይምጣ፣ ይጫወትም። ነገር ግን በመጀመሪያው አሰላለፍ አይግባ፤ የጨዋታውም ሸክም በአንድ ቁርጭምጭሚት ላይ አይጫን። ለምን ቢሉ ምክንያታችንን እንዘረዝራለን።

ወለምታ ሲባል ነገሩ ቀላል ይመስላል። «ወጌሻ ካየው አበቃ» የሚሉ አሉ። የወጌሻን ሙያ አንንቅም፤ አገራችን ያለ ወጌሻ ስንቱ ሰው አካለ ስንኩል ሆኖ በቀረ ነበር። ግን በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንደተማርነው፣ በወለምታ ጊዜ የሚጎዳው አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው። ጅማቱ ከመጠን በላይ ይለጠጣል፣ ሲብስም ይበጠሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበጀው እግርን ማሳረፍ፣ ቀዝቃዛ ነገር መያዝ፣ በፋሻ መጠቅለልና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ እብጠቱ ይጎድላል፤ ሰውም የዳነ ይመስለዋል። የእብጠት መጉደል ግን ጅማቱ ጠነከረ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ወለም ያለ ቁርጭምጭሚት ዳግመኛ ለወለምታ የተጋለጠ ነው። ሳያነክሱ መሄድ ሌላ፣ በሩጫ ላይ ድንገት መታጠፍ ሌላ። የሚያነክስ እግር ለሁሉም ይታያል፤ ያልጠነከረ ጅማት ግን ለማንም አይታይም። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ በመኝታ ክፍል ክርክር ዘወትር የሚነሣ መልስ አለ። «ሻምበል አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ባወጣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቶኪዮ ላይ አላሸነፈም ወይ?» ይሉናል። እውነት ነው፣ አሸንፏል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ፣ ሁለተኛ የወጣውን ሯጭ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ገብቷል። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ይህን የማይኮራበት ኢትዮጵያዊ የለም።

ዳሩ ግን ይህን ታሪክ የሚጠቅሱልን ወንድሞች መጽሐፉን እኩሌታው ላይ ይዘጉታል። ቀሪውን ገጽ እንግለጠው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ፣ ያው አበበ እግሩን ታሞ ለሦስተኛ ድል ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ ሕመሙ የሆድ ሳይሆን የራሱ የእግር ነበር። አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ከውድድሩ ወጣ። የእግር ሕመም በጀግንነት የሚታዘዝ ቢሆን ኖሮ ከአበበ በላይ ማን ያዘው ነበር?

ታዲያ የዚያን ቀን ኢትዮጵያ ተሸነፈች? አልተሸነፈችም። ሻምበል ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ገብቶ ወርቁን ወሰደ። ተከታዩ ሯጭ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮው ማራቶን አቋርጦ የወጣው ማሞ ነበር። በቶኪዮ ማሞ ሲያቋርጥ አበበ ነበረ፤ በሜክሲኮ አበበ ሲያቋርጥ ማሞ ነበረ። ቡድን ማለት ይህ ነው።

ነገሩ በአበበና በማሞ ዘመን ብቻ አልቀረም። ቀነኒሳ በቀለ ከ1995 እስከ 2001 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በአሥር ሺህ ሜትር አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ከዚያ ባቱን ታምሞ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ውድድር ሳያደርግ ቆየ። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ላይ ሲመለስ የሁሉም ዓይን በእርሱ ላይ ነበር። አሥር ዙር ገደማ ሲቀር ቀነኒሳ አቋርጦ ወጣ። ብዙው ሰው ተስፋ ሲቆርጥ፣ ኢብራሂም ጄይላን በመጨረሻዋ ቀጥታ መስመር ላይ እንግሊዛዊውን ሞ ፋራህን ደርሶበት፣ ቀድሞት ገባ። ወርቁ የመጣው ስሙ ብዙም ካልተጠራው ልጅ ነው።

ቀነኒሳስ አበቃለት? የለም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ አሥር ሺሁን ሜትር በ26 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ሮጦ የዓመቱን ፈጣን ሰዓት አስመዘገበ። ጥሩነሽ ዲባባም በ2001 የበርሊንን፣ በ2003 ደግሞ የዴጉን የዓለም ሻምፒዮና በጉዳት ሳትሮጥ ቀርታለች። ጊዜ ወስዳ ተመልሳ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ የአሥር ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቋን ለሁለተኛ ጊዜ አጥልቃለች። ታግሶ የተመለሰ አልከሰረም።

«እነዚህ ሯጮች ናቸው፤ እኛ የምናወራው ስለ ቅርጫት ኳስ ነው» ለሚለን ደግሞ ከአሜሪካ የባለሙያዎች ጨዋታ ሁለት ምሳሌ እናምጣ። ሚያዝያ 30 ቀን 1962 ዓ.ም. የኒውዮርክ ኒክስና የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ለዋንጫው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ተገናኙ። የኒክሱ ዊሊስ ሪድ ጭኑን ተጎድቶ ስድስተኛው ጨዋታ አልፎት ነበር። እያነከሰ ወደ ሜዳ ሲገባ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች አገባ። ኒክስ 113 ለ99 አሸነፈ። ሰው እስከ ዛሬ የሚያወራው የሪድን መግባት ነው። ሪድ በዚያ ጨዋታ ያስቆጠረው ግን አራት ነጥብ ብቻ ነው። 36 ነጥብ አስቆጥሮ 19 ጊዜ ለጓደኞቹ የማግቢያ ኳስ ያቀበለው ዎልት ፍሬዘር ነበር። ሪድ ልብ ሰጣቸው፤ ሥራውን የሠሩት ግን ሌሎቹ ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ያሳዝናል። ሰኔ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የጎልደን ስቴቱ ኬቨን ዱራንት የባት ጉዳቱን አስታሞ ከአንድ ወር በኋላ በዋንጫው አምስተኛ ጨዋታ ላይ ተሰለፈ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ነጥብ አስቆጠረ። ከዚያ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። ቡድኑ ያን ጨዋታ በአንድ ነጥብ ብልጫ አሸነፈ፤ ዋንጫውን ግን አጣ። ዱራንትም የሚቀጥለውን የውድድር ዘመን በሙሉ ሳይጫወት ቀረ። የዓለም ስመ ጥር ሐኪሞች በአጠገቡ እያሉ እንዲህ ከሆነ፣ ከፋሻና ከቀዝቃዛ ውሃ በቀር ሌላ የሌለን እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ ይኖርብናል?

እንግዲህ ወደ እሑዱ ጨዋታ እንመለስ። በባቡር መስመሩ ስሟ በሩቅ የሚጠራው ሐራ ለእኛ እንግዳ አይደለችም፤ ከመካከላችን የሐራ፣ የመርሳና የወልድያ ልጆች ብዙ ነን። ሜዳው ሲሚንቶ ሳይሆን የተደለደለ መሬት ነው። ኳስ እንደ ልብ አይነጥርበትም፤ ጠጠርና ጎድጎድ ያለ ቦታ አያጣም። የሐራ ልጆች ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቁታል። ፀሐዩንም ለምደውታል። ኳስ ሲነጥቁ በሁለት ቅብብል ቅርጫት ሥር የሚደርሱ ፈጣኖች ናቸው። ሰባት ቁጥር ከጅምሩ ከገባ ሁለት ሆነው እንደሚይዙትና እንደሚያሯሩጡት አያጠራጥርም። ጥፋት የለባቸውም፤ እኛም በእነሱ ቦታ ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር።

ደግነቱ የቅርጫት ኳስ ሕግ ለእንዲህ ያለው ነገር መላ አለው። በእግር ኳስ ተቀይሮ የወጣ በአብዛኛው አይመለስም። በቅርጫት ኳስ ግን አሥራ ሁለት ሰው ይመዘገባል፤ አምስቱ ሜዳ ላይ ናቸው፤ የቀሩት የፈለጉትን ያህል ጊዜ ገብተው መውጣት ይችላሉ። ጨዋታውም በአሥር አሥር ደቂቃ አራት ቦታ የተከፈለ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሩብ አራት ቁጥር ኳስ እያወጣ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ቅርጫት ሥር እየቆመ፣ ዘጠኝ ቁጥር ከዳር እየወረወረ ይጀምሩት። ሰባት ቁጥር ሰውነቱን እያሟሟቀ ይቆይ፤ በሁለተኛው ሩብ አራት አምስት ደቂቃ ገብቶ ይውጣ። ተቀምጦ ከቀዘቀዘ በኋላ ሳይሟሟቅ አይነሣ። እግሩ ከተስማማው የመጨረሻውን ሩብ ያገኘዋል። ያን ጊዜ የሐራ ልጆች ደክመው፣ እርሱ ትኩስ ሆኖ ይገናኛሉ። ይህ ፍርሃት አይደለም፤ ጨዋታ ማወቅ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ፈተና ይሰጠው። በታመመው እግሩ ብቻ ቆሞ ሚዛኑን ይጠብቃል ወይ? በዚያው እግሩ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይዘላል ወይ? በሩጫ ላይ ድንገት ይታጠፋል ወይ? ይህን ሁሉ ያለ ሕመም ካደረገ ይግባ፤ ካላደረገ አይግባ። ፍርዱ የስፖርት መምህራችንና የራሱ የሰባት ቁጥር ይሁን እንጂ የደጋፊ ጩኸት አይሁን። እኛ ደጋፊዎች አምስት ነጥብ በተመራን ቁጥር «ሰባት! ሰባት!» እያልን ብንጮህ፣ ተቀምጦ የሚያስችለው ልጅ የለም። ሜዳ ላይ ያሉትንም «እናንተ አትረቡም» ማለታችን ነው። እሱ ከተቀመጠ ወዲህ ተሸንፈንም አሸንፈንም እናውቃለን። ባሸነፍንበት ቀን ያስቆጠሩት አንድ ሁለት ሰዎች ሳይሆኑ ሁሉም ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?

ነገሩን ከኳስ አልፈን ብናየው ለሙያችንም ይበጃል። ከዚህ ስንወጣ የምንመደብበት ትምህርት ቤት አጠገብ ጤና ጣቢያ ላይኖር ይችላል። ወለም ያለው ሕፃን «ደኅና ነኝ፣ ልጫወት» ሲለን ፊሽካው ያለው በእኛ አንገት ላይ ነው። «ተነሥ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ!» ማለት ቀላል ነው። ልጁን አስቀምጦ፣ ጫማውን አስፈትቶ፣ እግሩን ማየት የመምህር ሥራ ነው። ክፍል ውስጥም እንደዚሁ። ጥያቄ በጠየቅን ቁጥር እጁን የሚያወጣውን አንዱን ጎበዝ ብቻ የምናስመልስ ከሆነ፣ እርሱ የታመመ ቀን ክፍሉ ዝም ይላል። ማሞን የምናገኘው አበበ ከመድከሙ በፊት ማሞንም ስናሠለጥን ነው።

ሰባት ቁጥር ሆይ፣ የእሑዱ ጨዋታ ያንተ የመጨረሻ ጨዋታ አይደለም። ገና ብዙ ሜዳ ይጠብቅሃል። የቀራችሁት አሥራ አንዳችሁም ኳሷ ስትደርሳችሁ ወደ ተቀመጠው ሰው አትመልከቱ፤ ወደ ቅርጫቱ ተመልከቱ። እኛ ደግሞ የአሥራ ሁለታችሁንም ቁጥር እያፈራረቅን ለመጥራት ጉሮሯችንን አዘጋጅተናል። የሐራና የአካባቢው ልጆች የሆናችሁ ሰልጣኞች ለማን እንደምታጨበጭቡ የራሳችሁ ጉዳይ ነው፤ ብቻ ውሃ ይዛችሁ ኑ፣ ፀሐዩ ለሁላችንም እኩል ነው።

ቸር ይግጠመን።