መንቀል ብቻውን ሕክምና አይደለም

እግሩን ያመመውን ሰው ሳይመረምር "ይቆረጥ" የሚል ሐኪም ቢገኝ አገር ይጮኻል። ጥርስ ላይ ሲሆን ግን ማንም አይደነግጥም። ታመመ፣ ተነቃነቀ፣ ተነቀለ፤ አለቀ! በካፋም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ይህን ልማድ ሕክምና ብሎ መጥራት ሊያበቃ ይገባል።

ድዱ የሚደማ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ወቀሳ ነው፦ "ስለማትፍቀው ነው።" ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዳንድ ጥርስ ሲፈጠር ጀምሮ ሥሩ እንከን አለበት። ለምሳሌ ከመሃለኞቹ ሁለት የላይ ጥርሶች ቀጥሎ ባለው ጥርስ ላይ፣ በላንቃ በኩል፣ ወደ ሥሩ የሚዘልቅ ቀጭን ቦይ ሊኖር ይችላል። ጀርም በዚያ ሾልኮ ይገባል፤ ድዱን ከጥርሱ ያላቅቃል፤ አጥንቱን ይበላል። እዚያ መፋቂያም ብሩሽም አይደርስም። ጠዋት ማታ የሚፍቅ ሰውም ይታመማል፤ ጥፋተኛ ተብሎም ይነቀልለታል።

ይህን ለመለየት የድዱን ጥልቀት የሚለካ ቀጭን ብረት፣ የጥርስ ራጅና ጊዜ ወስዶ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። ቦዩ ጥልቀት ከሌለው ሥሩ ይጸዳል፣ ቦዩ ይስተካከላል ወይም ይደፈናል። ነርቩ ከሞተ የሥር ሕክምና ይጨመራል። ቦዩ እስከ ሥሩ ጫፍ ከዘለቀና አጥንቱ ካለቀ መንቀል ትክክል ሊሆን ይችላል። ውሳኔው ግን ከምርመራ በኋላ ይምጣ!

"ወባና ወሊድ እያለ ጥርስ ቅንጦት ነው" የሚሉ አሉ። የድድ በሽታና የስኳር በሽታ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ ግን ይዘነጋሉ። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2013 ዓ.ም. ስለ አፍ ጤና ውሳኔ አሳልፏል። የእኛ የጤና ኤክስቴንሽን በ16 ፓኬጆች ሲጀመር ለጥርስ የራሱን ቦታ አልሰጠውም ነበር።

ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የክልል መቀመጫ ናት። ጥርስ ሐኪም የሚያሠለጥነው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መሳፈሪያ፣ አልጋና የቀን ሥራው ተደምሮ "ንቀሉልኝ" የሚል ገበሬ መርጦ አይደለም፤ ተገዶ ነው።

ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ በየሆስፒታሉ የሚሠራ የጥርስ ራጅ፣ ከጅማ ጋር የተደራጀ ሪፈር፣ እንዲሁም "ድድህ ይደማል?" ብላ የምትጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። አባቶች "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለቤት ብቻ አልነበረም። የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም።