የራስ ዳሸን ጉዞ ቀን አይቆረጥለትም



በሰፈራችን በልደታ የሂኪንግ ቡድን የሚያሰባስቡ ወጣቶች እየበዙ ነው። ቅዳሜና እሁድ እንጦጦ ይወጣሉ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ራስ ዳሸንን ያልማሉ። ማሻአላህ፣ ደስ ይላል። የሚያሳስበን ግን እቅድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ነገር ቀን መሆኑ ነው። «መኪና እስከ ጨነቅ ይገባ የለ? ካምፕ ለካምፕ መዞር ምን ያደርጋል?» ይባላል። እኛ ይህን ቁጠባ አንደግፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው የዳሸን ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባህር ጠለል ከሚገኘው ከግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ቀስ በቀስም ቀይ የደም ሴል ይጨምራል። ይህ ሁሉ ግን ቀናትና ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የምናድርበት ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እንድናርፍ ይመክራሉ።

የሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ከዚህ ምክር ጋር ይስማማል። ከደባርቅ የተነሳ ቡድን 3,250 ሜትር ገደማ ላይ ሳንቃበር ያድራል፤ ቀጥሎ 3,600 ገደማ ላይ ግጭ፤ ከዚያ ከግጭ ብዙም የማይበልጠው ጨነቅ። በማግስቱ ቧሂትን ከ4,000 ሜትር በላይ ተሻግሮ ወደ አምቢቋ ይወርዳል። ወደ ዳሸን የሚወጣው ከዚያ ነው። ቀን ከፍ ይላል፣ ማታ ዝቅ ብሎ ያድራል። የኤቨረስት ወጪዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ 5,364 ሜትር ላይ ባለው ካምፕ እየተመላለሱ ሳምንታት ይቆያሉ። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አዲስ አበባ ተነስቶ በመኪና ጨነቅ የሚያድር ወጣት ግን ከ1,200 ሜትር በላይ ዘሏል።

«እኛ የደጋ ልጆች ነን» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ከባህር ዳርቻ ከመጣ ሰው እንሻላለን። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናትም በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠናቸው በባህር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይቷል። ግን ያ እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። በልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መኖር ያን አይሰጥም። እንጦጦም እግርን ያጠነክራል እንጂ ማታ ወርደን ቤታችን ስለምናድር ብቻውን አይበቃም።

ከሁሉ የሚያስፈራን ዝምታ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ወጣቱ ግን «በኔ ምክንያት ሁሉም ይመለሳል» ብሎ ይደብቃል፤ ጓደኞቹ «ፈሪ» እንዳይሉትም ይሰጋል። ሕመሙ ሲብስ ሰው እንደሰከረ ይንገዳገዳል፣ ነገር ይምታታበታል፤ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሳሉ አረፋ ያወጣል። አንጎሉ ወይም ሳንባው ውሃ እየያዘ ነው። ያኔ ዋናው መድኃኒት ወዲያው መውረድ ነው። እስኪነጋ የሚያቆይ አይደለም።

ስለዚህ ቡድን ለምታሰባስቡ ሁሉ የምንለው ይህ ነው። የጉዞው አሚር ማታ ማታ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ «ራስህን ያምሃል ወይ? በልተሃል ወይ?» ይበል፤ እህቶችንም እንዲሁ። ያመመው ሰው እስኪሻለው አንድ ሜትር እንኳ አይጨምር። ከባሰበት ይውረድ፤ ብቻውን ግን አይላክ። የቡድኑ ፍጥነት የደካማው ሰው ፍጥነት ይሁን። የዕረፍት ቀን ወጪም ከመጀመሪያው መዋጮ ውስጥ ይግባ።

ቀኑ ከሌለን ደግሞ ጫፉን እንተወው። ግጭ አድሮ 3,926 ሜትር ላይ ካለው ኢሜት ጎጎ ገደሉን ማየት የሚያሳፍር ጉዞ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰው እህል ከሆነ ይለቀማል፣ ነፍስ ግን አይለቀምም። ዳሸን ለከርሞም እዚያው ነው። እናቶቻችን ደግሞ የሚጠብቁት የጫፉን ፎቶ ሳይሆን ልጆቻቸውን ነው።

አላህ በሰላም አውጥቶ በሰላም ይመልሰን። ወሰላሙ ዐለይኩም።