በአንድ ጋቢ ሥር አንድ ሰዓት

በአሜሪካ የምትኖሩ ባለትዳሮች ይህን ኑሮ ታውቁታላችሁ። አባት ከሌሊት ሥራ ሲገባ እናት ትወጣለች፤ ልጆች ከስልካቸው ጋር ያመሻሉ። የበረዶው ወራት ሲመጣ ደግሞ በሩ ይዘጋና በአንድ ጣሪያ ሥር እንራራቃለን። ልጆች ቶሎ ያድጋሉ፤ ያለፈው ጊዜ አይመለስም።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከበረዶው አትሽሹ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ!

በዋዮሚንግ ግዛት፣ በጃክሰን ከተማ አጠገብ ናሽናል ኤልክ ሬፊውጅ የሚባል ጥብቅ ሥፍራ አለ። ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ተራራው በበረዶ ሲሸፈን በሺህ የሚቆጠሩ ኤልኮች ወደዚህ ሸለቆ ይወርዳሉ። ቀድሞ ሰው ሰፍሮ የክረምት ግጦሻቸውን ስለያዘባቸው ብዙዎቹ በረሃብ ያልቁ ነበር። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1912 የተከለለውም ስለዚሁ ነው።

በተለምዶ ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ ጎብኚዎች በፈረስ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ወደ መንጋው ይወሰዳሉ። ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ኤልኮቹ ጋሪውን ስለለመዱት አይደነብሩም፤ በእግሩ የሚመጣን ሰው ግን ይሸሻሉ።

ለልጆቻችሁ አሥር ሳንቲማችን ላይ ያለውን የደጋ አጋዘን አንሡላቸው። የእኛው አጋዘን ቀንዱን አይጥልም፤ ወንዱ ኤልክ ግን በየዓመቱ ጥሎ እንደገና ያበቅላል። ለምን ይሆን ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ወሬው መንገዱን ያሳጥረዋል።

ጋሪ በሌለበት ቦታ ግን ተጠንቀቁ! በአቅራቢያው ባለው በየሎውስቶን ፓርክ ከኤልክ ቢያንስ 23 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው። ኤልክ በኃይል ሊመታ ይችላል። ደግሞም በክረምት የሚኖረው በበጋ ባጠራቀመው ስብ ነው፤ ለፎቶግራፍ ብለን ስናስሮጠው ያን ስንቁን እናስጨርሰዋለን። ልጆች ይህን ሲረዱ፣ መውደድ ማለት መንካት ብቻ እንዳልሆነ ይማራሉ።

ጃክሰን ከሶልት ሌክ ሲቲ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ነው፤ በበረዶ ከዚያ ይበልጣል። በዴንቨር ያላችሁ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ ኤስቴስ ፓርክ ብትደርሱ፣ ኤልኮችን በከተማው ዳር ከመኪናችሁ ሳትወርዱ ልታዩ ትችላላችሁ።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ዛሬ ማታ ካሌንደሩን አብራችሁ ክፈቱና ከየሥራችሁ አንድ ዓይነት የዕረፍት ቀን ጠይቁ። የመንገዱንና የጋሪውን ሁኔታ ቀድማችሁ አረጋግጡ። ጓንት፣ ኮፍያ፣ ትኩስ ሻይ በፔርሙስ፣ ደግሞም ጋቢ ያዙ። ስልኩን ለአንድ ሰዓት ዝጉት። በአንድ ጋቢ ሥር ተጠጋግተው የተቀመጡ ልጆች፣ በቤት ያልነገሯችሁን ሊነግሯችሁ ይችላሉና አድምጧቸው።

መልካም ጉዞ!