ብቻውን የቆመ ዘፋኝ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ዘፋኝም ከባልንጀሮቹ ጋራ ሲኾን ድምፁ ይበረታል። ነገር ግን አንድ ጊታር ብቻ ይዞ በሕዝብ ፊት የቆመ እንደ ኾነ ከበሮው ስሕተቱን አይሸፍንለትም፤ ቃሉ ፍሬ ወይም ገለባ መኾኑ ወዲያው ይታወቃል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ይህን ፈተና ደጋግሞ ስለ ተቀበለው ስለ አሜሪካዊው ጄፍ ትዊዲ ነው።

ትዊዲ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት በቤልቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበረ። በ1987 ከጓደኞቹ ጋራ አንክል ቱፔሎ የተባለውን የሙዚቃ ማኅበር አቋቁሞ፥ ካንትሪ የሚባለውን የባላገር ዜማ ኀይለኛ ከኾነው ከሮክ ጋራ አዋሐዱት፤ ይህም ስልት አልት ካንትሪ ተባለ። ማኅበሩ በ1994 ቢፈርስ በዚያው ዓመት ዊልኮ የተባለውን መሠረተ። ይኹን እንጂ በ2006 ብቻውን በሲያትል፥ በፖርትላንድና በሌሎችም ከተሞች ሲዘፍን በፊልም ተነሣ። በ2017ም አስቀድሞ ከማኅበሮቹ ጋራ የዘፈናቸውን 11 ዘፈኖች ያለ አጃቢ እንደ ገና አስቀርጾ አወጣ።

ታሪኩን ለቤተ ሰብ ገጽ የመረጥንበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ትዊዲ የሕመም ማስታገሻ መድኀኒት ሱስ ስለ ያዘው በ2004 ሐኪም ቤት ገብቶ ታከመ፤ ነገሩንም በ2018 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ሳይደብቅ ገለጸው። በ2014 ባለቤቱ ካንሰር በሚባለው ነቀርሳ በታመመች ጊዜ፥ ከበሮ መቺ ከኾነው ከልጁ ከስፔንሰር ጋራ ሱኪሬይ የተባለውን የዘፈን ስብስብ አወጣ፤ ይህም የእርሷ የቍልምጫ ስም ነው። በ2020 ወረርሽኙ ሰውን ኹሉ በየቤቱ በዘጋ ጊዜም፥ ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋራ ከቤታቸው ኾነው ጨዋታቸውንና ዘፈናቸውን በኢንተርኔት ለሕዝብ ያቀርቡ ነበር።

ከመካከላችን ብዙ አባቶች ድካማቸውን ከቤተ ሰባቸው መሰወር ክብር ይመስላቸዋል። ልጅ ግን የተሰወረውን ሳያውቀው አይቀርም፤ ዝምታውን ብቻ ይወርሳል። ስለዚህ ጭንቀት ወደ ቤት በገባ ጊዜ ልጅን ከደጅ አናስቁመው፤ ዐቅሙ የሚችለውን ሥራ ሰጥተን ከጎናችን እናቁመው እንላለን። በአደባባይ ብቻውን ለመቆም የሚደፍር ሰው በቤቱ ብቻውን ያልኾነ ነውና።