ጥላው የት ገባ?

ልጄ 3ኛ ክፍል ናት። ታኅሣሥ ላይ ደብተሯን ሳገላብጥ «እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይጠፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳ ገልብጣ አየሁ። ምንም ሳልናገር የመጥረጊያ እንጨት 1 ሜትር ለክተን ግቢያችን መሐል ተከልን። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የቀኑ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ነውና እስከዚያ ጠበቅን። ጥላው ወደ ሰሜን ተጋድሞ 63 ሳንቲ ሜትር ሆነ።

«አባዬ፣ ደብተሬ ተሳስቷል እንዴ?»

ደብተሩ ቀኑን ነው ያልነገራት። ፀሐይ ልክ አዲስ አበባ አናት ላይ የምትቆመው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ ነው። በሁለቱ መሐል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ስለምታልፍ የእኩለ ቀን ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ የዚያው እንጨት ጥላ 26 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አውሮፓ ያለ ልጅ ይህን አገሩ ሆኖ በፍጹም አያየውም። የእኛ ልጆች ደጃቸው ላይ አላቸው፤ እኛ ግን ክፍል ዘግተን ትርጉም እናስጽፋቸዋለን። ይህ ያንገበግበኛል።

መምህራን «መሣሪያ የለንም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ለብዙ ነገር እውነታቸውን ነው። ለጥላ ግን የባንዲራው ምሰሶ ይበቃል። ልጆቹ ጠዋት ለመዝሙር ሲሰለፉ የጥላው ጫፍ ላይ ድንጋይ ያኑሩ፤ በእረፍት ሌላ፣ ለምሳ ሲወጡ ሌላ። ከዚያ ድንጋዮቹ ለምን እንደተራራቁ ይከራከሩ። መምህሩ መልሱን ለመንገር ባይቸኩል ደስ ይለኛል፤ ፀሐይዋን በዓይናቸው አተኩረው እንዳያዩ ብቻ አጥብቆ ይንገራቸው። አያቶቻችን ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ሰዓት ያውቁ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ለየወሩ የጥላውን ልክ በመጽሐፍ አስፍረዋል። ልጆቹ ይህንም ቢሞክሩት፣ ረጅሙም አጭሩም ልጅ ጥላውን በገዛ እግሩ ሲለካ ቁጥሩ ለምን እንደሚቀራረብ መጠየቃቸው አይቀርም።

ሚያዝያ 5 ቀን እንጨቷን እንደገና ተከልናት። 6 ከ25 ሲሆን ዙሪያዋን መሬቱ ነጣ፤ ጥላ የለም። ልጄ ጎንበስ ብላ የራሷን ጥላ ፈለገች፣ ወደ ኋላዋም ዞረች። በመጨረሻ አንድ እግሯን ከፍ ስታደርግ ከጫማዋ ሥር አገኘችው።